ከቅኔ ቤት ኮብልዬ ዲቁናዬን ትቻለሁ፤ ወደ እግዚአብሔር እንዴት ልመለስ?

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «መምህር፣ ተወልጄ ያደግሁት ምሥራቅ ጎጃም ነው። እናቴ እኔን ከመውለዷ በፊት ‹ወንድ ልጅ ከሰጠኸኝ ለቤትህ እሰጠዋለሁ› ብላ ተስላ ነበር። በ13 ዓመቴ ዲቁና ተቀበልሁ፤ ከዚያ ቅኔ ቤት ገብቼ መወድስ ቤት ከሞላሁ (ስምንት ስንኝ ያለውን መወድስ የተባለ ቅኔ መቀኘት ከቻልሁ) በኋላ አንድ ሌሊት ጠፍቼ ባሕር ዳር ገባሁ። ዛሬ 28 ዓመቴ ነው፤ ግንበኛ ነኝ። ከአንዲት ኦርቶዶክሳዊት ልጅ ጋር ሳንጋባ 4 ዓመት ኖረናል፤ የ2 ዓመት ሴት ልጅ አለችን። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስደርስ እግሬ ይታሰራል። በታመምሁ ቁጥር ‹ስለ ሸሸሁ ነው፤ የኔታም ረግመውኛል› እላለሁ። ሁሉን ትቼ ገዳም ልግባ? ወይስ ወደ ጉባኤው (ወደ ቅኔ ትምህርት ቤቱ) ተመልሼ ዲቁናዬን ልቀጥል? የእናቴስ ስእለት ምን ይሆናል?»

ወንድሜ፣ ዋናውን መልስ አስቀድሜ ልስጥህ። ወደ እግዚአብሔር መመለስ ትችላለህ፤ ዛሬ ማታ መጀመር ትችላለህ። በዲቁና ወደ መቅደስ መመለስ ግን እንደ ነገርኸኝ ከሆነ አትችልም። ገዳም ግባም አልልህም። አንተ እነዚህን ሦስት ነገሮች አንድ አድርገህ ስለያዝሃቸው ነው መንገዱ የተዘጋብህ የመሰለህ። እግዚአብሔር ሰውን መጀመሪያ የሚጠራው ወደ ራሱ ነው፤ ሹመትና አገልግሎት ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው። ጌታ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ጴጥሮስን ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህን?» ብሎ የጠየቀው፣ ሦስት ጊዜ ከካደው በኋላ ነው (ዮሐ. 21፥15-17)። «በጎቼን ጠብቅ» የሚለው አደራ የተሰጠው ፍቅሩ ከተጠየቀ በኋላ መሆኑን ልብ በል። አንተም «ሥራዬን መልሱልኝ» ብለህ ከጀመርህ ቅደም ተከተሉን ገልብጠኸዋል።

የኮብላይ ነገር ሲነሣ ሁሉም የሚጠራው ዮናስን ነው፤ አብዛኛው ሰው ግን ዓሣ አንበሪው ላይ ይቆማል። መጽሐፉ አራት ምዕራፍ ብቻ ነው፤ ዛሬ ማታ ተቀምጠህ ከዳር እስከ ዳር አንብበው። ዮናስ ወደ ኢዮጴ ወርዶ ለመርከቡ ዋጋ ከፍሏል (1፥3)። መሸሽ በነፃ አይደለም፤ አንተም በጎደለ እንቅልፍ፣ ከእናትህ ዐይን በመሸሽ፣ በየበዓሉ ከከተማ በመጥፋት ስትከፍል ኖረሃል። ማዕበሉ በተነሣ ጊዜ ዕቃቸውን ወደ ባሕር የጣሉት መርከበኞቹ ናቸው (1፥5)፤ እነርሱ ከማንም አልሸሹም። የሰው ሽሽት አጠገቡ ያሉትንም ያከስራል። የአንተ መርከበኞች እነማን እንደሆኑ ታውቃለህ፦ አብራህ የምትኖረው ሴትና ልጅህ። ይህን አስቀድሜ የማነሣው ስለ ገዳሙ የምልህ ሁሉ ከዚህ ስለሚወጣ ነው።

ሁለተኛው ልብ የሚባለው ነገር ምዕራፍ 3 ቁጥር 1 ላይ ነው። «የእግዚአብሔርም ቃል ሁለተኛ ጊዜ ወደ ዮናስ መጣ» ይላል። ወቀሳ የለበትም፤ «ለምን ሸሸህ» የሚል ጥያቄም የለበትም፤ ያው የመጀመሪያው ትእዛዝ ነው የተደገመለት። ሦስተኛው ደግሞ ብዙ ሰባኪ የሚዘለው ምዕራፍ 4 ነው። ዮናስ ሄዶ ሰብኮ፣ ሕዝቡ ሁሉ ንስሐ ገብቶ፣ እርሱ ግን ተቆጥቶ ከከተማው ውጭ ተቀመጠ። እግሩ ተመልሶ ልቡ ገና አልተመለሰም ነበር። እግዚአብሔር ግን አልጣለውም፤ ባበቀለለት ቅል ጥላ ሥር ያስተምረው ጀመር። አንተም ንስሐ ገብተህ ልብህ ለወራት ደረቅ ቢሆን፣ እንደ ድሮው በኪዳን ጸሎት እንባ ባይመጣልህ፣ «ተቀባይነት አላገኘሁም» ብለህ ወደ ኋላ አትበል። ከሚመለሱት ሰዎች ብዙዎቹ የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው።

የሚመለስ ሰው ሁሉ ወደ ቀድሞ ቦታው እንደማይመለስም ከመጽሐፍ ማየት ይቻላል። ማርቆስ በጵንፍልያ ጳውሎስን ጥሎ ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰ (ሐዋ. 13፥13)። በሁለተኛው ጉዞ ጳውሎስ «አልወስደውም» አለ፤ ጠባቸውም እስከ መለያየት ደረሰ፤ ማርቆስ ከበርናባስ ጋር ወደ ቆጵሮስ ሄደ (ሐዋ. 15፥37-39)። በኋላ ግን ያው ጳውሎስ ከእስር ቤት «ማርቆስን ይዘኸው ና፤ ለአገልግሎት ብዙ ይጠቅመኛልና» ብሎ ጻፈ (2ጢሞ. 4፥11)። ወንጌሉን የጻፈው፣ የእስክንድርያ መንበር በስሙ የሚጠራውም ይኸው ማርቆስ ነው። አንድ በር ተዘግቶበት በሌላ በር ገባ።

አሁን ወደ ፍርሃትህ ልምጣ። ሕመም ሁሉ የሽሽት ቅጣት ነው የሚለውን አስተሳሰብ ጌታ ራሱ አፍርሶታል። የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸው 18 ሰዎች ከሌሎቹ የባሱ ኃጢአተኞች አልነበሩም (ሉቃ. 13፥4)፤ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደውም «እርሱም ወላጆቹም አልበደሉም» ብሏል (ዮሐ. 9፥3)። ባሕር ዳር ወባ ያለበት ከተማ ነው፤ ትኩሳት ከያዘህ ጤና ጣቢያ ሄደህ ደምህን ተመርመር። ጠበሉን ተጠመቅ፣ መድኃኒቱንም ዋጥ። ሌሊት መተኛት ካቃተህ፣ ልብህ ያለ ምክንያት የሚመታ ከሆነ፣ ይህንም ለሐኪም ንገር፤ ይህ የእምነት ጉድለት አይደለም።

በዚህ ፍርሃት ላይ ግን የሚነግዱ አሉና ተጠንቀቅ። «ዓይነ ጥላ ይዞህ ነው ከጉባኤ ያስወጣህ» ብሎ ክታብ የሚጽፍልህ፣ ሥር የሚምስልህ አይጠፋም። ከዚህ የባሰው ሌላ ነው። ግዕዝ አውቀው፣ ብዕርና ብራና ለምደው፣ ከጉባኤ ወጥተው እንጀራ ሲያጡ ራሳቸው ክታብ ጻፊ የሆኑ ወንድሞች በአገራችን ብዙ ናቸው። አንተ በዚህ መንገድ ገብተህ ከነበረ፣ ለአንድ ሰው እንኳ ጽፈህ ከነበረ፣ ኑዛዜህ ውስጥ መግባት አለበት። ያስቀመጥኸው ጽሑፍ ካለ አይሸጥም፣ ለሌላም አይሰጥም፤ ይቃጠላል። በኤፌሶን አስማት ያደርጉ የነበሩት 50,000 ጥሬ ብር የሚያወጣ መጽሐፍ ነው ያቃጠሉት (ሐዋ. 19፥19)።

ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ የንስሐ አባት ያስፈልግሃል። የቤተሰባችሁ የነፍስ አባት በሕይወት ካሉ፣ ወደ እርሳቸው መሄድ ወይም ባሕር ዳር ሌላ አባት እንድትይዝ ፈቃዳቸውን መጠየቅ ደንብ ነው። ወደ አገርህ የሚወስደው መንገድ የማይታመን ከሆነ በስልክ ቡራኬያቸውን ብትቀበል ይበቃል። ባሕር ዳር ላይ ደግሞ በምትኖርበት አጥቢያ በሰበካ ጉባኤ ተመዝገብ፤ ከዚያው አጥቢያ ካህን ያዝ። በከተማው ዳር ማንም የማያውቅህን ቄስ ፈልጎ አንድ ቀን ተናዝዞ መጥፋት አይጠቅምህም። የንስሐ አባት የሚያስፈልግህ ለአንድ ቀን አይደለም፤ ከሁለት ወር በኋላ ስትወድቅ «ምን ሆንህ» የሚልህ ሰው ያስፈልግሃል። ምሥጢር ይወጣል ብለህ አትስጋ፤ ኑዛዜ የሚያወጣ ካህን በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ትልቅ ጥፋት አጥፍቷል።

ለኑዛዜው ሦስት ቀን ተዘጋጅ። በእነዚህ ቀናት ማታ ማታ መዝሙር 50ን ድገም፤ «ተሣሃለኒ እግዚኦ» ብለህ በቃልህ የምታውቀውን ነው የምልህ። ከዚያ በትንሽ ወረቀት ላይ ያስታወስኸውን አስፍር፤ ሲያበቃ ታቃጥለዋለህ። ምን እንደ ሠራህ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ አንድ ጊዜ ነው ወይስ ልማድ፣ አሁንም ውስጡ ነህ ወይስ ወጥተሃል፤ ካህኑ ማወቅ ያለበት ይህን ነው። የሌላ ሰው ስም አትጥራ፤ የሌላውን ኃጢአት አንተ አትናዘዝም። ታሪክ አታርዝም፣ ምክንያትም አታብዛ። «ረኀቡ በዛብኝ፣ በእንተ ስማ ለማርያም ብዬ ቁራሽ ስለምን ውሻ ነከሰኝ» ማለት እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ቦታው ኑዛዜ አይደለም፤ ከኑዛዜው በኋላ ሲያጽናኑህ ትነግራቸዋለህ።

ከሁሉ አጥብቄ የምጠይቅህ አንድ ነገር አለ። ከወደቅህ በኋላ መቅደስ ገብተህ አንድ ቀን እንኳ ቀድሰሃል? በሠርግ ላይ ወይም በገጠር በዓል «ዲያቆን ጎደለ» ተብለህ አፍረህ ልብሰ ተክህኖ ለብሰሃል? ሥጋ ወደሙንስ ተቀብለሃል? ይህን ለይተህ ተናገር። ከጉባኤ የወጡ ዲያቆናት ዝሙቱን ይናገሩና ይህን ይደብቃሉ፤ ምክንያቱም በዚህ ዲቁናቸው መፍረሱ ይወጣል። የተደበቀውም በየቅዳሴው ይወጋቸዋል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና ይጠፋሉ። እግርህ በሩ ላይ የሚታሰረው ለዚህ ይመስለኛል።

ቀኖናውን (ለንስሐ የሚሰጠውን ሥራ) የሚወስኑት አባትህ ናቸው፤ እኔ ከዚህ ሆኜ ልወስንልህ አልችልም። ጾም፣ ስግደት፣ ዳዊት መድገም፣ ምጽዋት ሊሆን ይችላል። ሥራህን ግን ንገራቸው። 50 ኪሎ ሲሚንቶ በትከሻው ተሸክሞ ፎቅ የሚወጣ ሰው እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳይቀምስ 41 ቀን ይጹም ቢባል በ5ኛው ቀን ከመሰላል ይወድቃል፤ ወይም ቀኖናውን ይተዋል። ያልተቻለ ቀኖና ሲኖር ዝም ብሎ መተው ሳይሆን ተመልሶ «አባቴ፣ ይህ ከብዶኛል» ማለት ነው፤ እርሳቸው ያስተካክሉልሃል። ስግደት በቅዳሜና በእሑድ፣ በበዓለ ኀምሳም እንደማይሰገድ ታውቃለህ። ሌላው ጥፋት ቀላል ቀኖና ፍለጋ ካህን መቀያየር ነው፤ ሌላው ደግሞ ካህኑ ካዘዙት በላይ ራስን መቅጣት ነው። ይህ የመጨረሻው ቅድስና ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ዕዳን በራስ ጉልበት ከፍሎ ማንንም «ይቅር በለኝ» ላለማለት የሚደረግ ነው። ቀኖና የኃጢአት ዋጋ አይደለም፤ ያንን ክርስቶስ በመስቀል ከፍሎታል። ቀኖና የታመመችውን ነፍስ ማከሚያ ነው። ሲፈጸም አባትህ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይሉሃል፤ ያን ጊዜ ያለፈው አልፏል፤ ያንኑ ኃጢአት እንደገና እያነሡ መናዘዝ አያስፈልግም።

ጊዜ አትጠብቅ። ጾመ ነነዌ ሦስት ቀን ናት፤ ከሰኞ እስከ ረቡዕ፣ ከዐቢይ ጾም ሁለት ሳምንት ቀድማ የምትመጣ፤ የዮናስ ታሪክ የሚነበብባት በመሆኗ ለኮብላይ የተሰጠች ትመስላለች። ፍልሰታም ከነሐሴ 1 እስከ 15 አገር ሁሉ የሚቆርብበት ነው። ግን «ለነነዌ»፣ «ለፍልሰታ» እያለ ዓመት የሚቆጥር ሰው ሲመለስ አይታይም።

ስለ ገዳሙ። የ2 ዓመት ልጅ ያለችው አባት፣ እናቷን ከነልጇ ቤት ኪራይ ላይ ጥሎ ዋልድባ ወይም ጣና ደሴት ቢገባ፣ ይህ ሁለተኛ ሽሽት ነው። አንደኛው ሽሽት ከቅኔ ቤት ነበር፤ ይህኛው ደግሞ ወደ እግዚአብሔር የሚሄድ መስሎ ከሰው ዕዳ መሸሽ ነው። ምንኩስና ከትዳር የከበደ ጥሪ ነው፤ ለሸሸ ሰው መደበቂያ አይደለም። «ለገዛ ቤተሰቡ የማያስብ ሃይማኖትን የካደ ከማያምንም የከፋ ነው» የሚለውን (1ጢሞ. 5፥8) ለአንተ የተጻፈ አድርገህ ውሰደው። ዛሬ ለአንተ ግልጽ የሆነው የእግዚአብሔር ጥሪ ባልና አባት መሆን ነው።

አፈጻጸሙ እንዲህ ነው። መጀመሪያ አሳብህን ሁሉ ለእርሷ ንገራት፤ እስከ ዛሬ ዲያቆን እንደ ነበርህ የማታውቅ ከሆነም ይህንኑ ንገራት። ሁለታችሁም በአንድ የንስሐ አባት ሥር ሁኑ፤ ኑዛዜያችሁ ግን ለየብቻ ነው። ጋብቻው እስኪፈጸም መኝታ ለዩ፤ ቤቱ አንድ ክፍል ከሆነ ለዚያ ጊዜ እርሷ ከልጇ ጋር ዘመድ ዘንድ ብትቆይ ወይም አንተ ጓደኛህ ዘንድ ብታድር ይቀላል። ከዚያ ሽማግሌ ላክ፤ ወላጆቿ እስከ ዛሬ ያልተጠየቁ ከሆነ ከልጅ በኋላም ቢሆን ይጠየቃሉ፤ በጎጃም ይህ የቀረበት ቤት ቂም አይለቀውም። ጋብቻው በቁርባን ነው። የተክሊል ሥርዓት ለደናግል ነውና ለእናንተ የሚደርሰው የመዓስባን ጸሎት ነው፤ ከዚያ አብራችሁ ትቆርባላችሁ። ብዙ አጥቢያ ከንስሐ አባት የተሰጠ ማስረጃና ምስክሮች ስለሚጠይቅ አስቀድመህ ጽሕፈት ቤቱን ጠይቅ፤ በጾም ወራት ሠርግ እንደማይደረግም አስብ። ድግስ ካልተደገሰ አላገባም ብለህ ዓመት እንዳታሳልፍ፤ ልጃችሁ በ80 ቀኗ ክርስትና ሳትነሣ ቀርታ ከሆነም እርሷን አስቀድሙ። ሴቲቱ እንቢ ብትል፣ ወይም ጊዜ ስጠኝ ብትል፣ አንተ የራስህን ንስሐ አታቁም፤ እርሷንም አታስገድድ።

ዲቁናህን በተመለከተ እውነቱን ልንገርህ፤ ከዚህ ያነሰ ብነግርህ አላከበርሁህም። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ዲያቆን በድንግልና ቆይቶ፣ በተክሊል አግብቶ ወደ ቅስና ይሄዳል፤ ወይም ይመነኩሳል። ከዚህ ውጭ በዝሙት የወደቀ ዲያቆን ክህነቱ ይፈርሳል፤ ንስሐውም ይህን አይመልስለትም። የመጨረሻው ቃል የሀገረ ስብከቱ ሊቀ ጳጳስ ቢሆንም «ምናልባት» እያልሁ ተስፋ አልሰጥህም። ግን በሐዋርያት ቀኖና ያለውን ሌላውን ወገንም እወቅ፤ በዝሙት የተገኘ ዲያቆን ከሹመቱ ይሻር እንጂ ከቁርባን አይለይ፣ አንዱ ጥፋት ሁለት ጊዜ አይቀጣም ይላል። መሻሩ ቅጣቱ ነው፤ ከዚያ በላይ ራስህን ከቅዱስ ቁርባን ማራቅ ሕጉ ያላዘዘውን መጨመር ነው።

ይህ እንዲሁ የራስህ ነገር ብቻ እንዳይመስልህ። ቅዳሴ ቢያንስ በ5 ልዑካን ይቀደሳል፤ ሁለት ቄስ፣ ሦስት ዲያቆን። በአንድ የገጠር አጥቢያ ሦስተኛው ዲያቆን ሲጠፋ ያን እሑድ ታቦቱ ሳይቀደስለት ይውላል፤ የሚቆርብ በሽተኛ፣ ክርስትና የሚነሣ ሕፃን ይመለሳል። ይህን ሐዘን ንስሐህ ውስጥ አስገባው። የአገርህ አጥቢያ ዛሬ በዲያቆን እጦት የተቸገረ ከሆነም አንድ የሚማር ልጅ በልብስና በስንቅ መርዳት ትችላለህ።

ከመቅደስ ውጭ ግን ቤተ ክርስቲያን ሰፊ ናት። ቅኔ ማኅሌቱ ለአንተ ክፍት ነው። መወድስ ቤት የሞላ ሰው እኮ ቀላል ሰው አይደለም፤ ሁለት ቤት (ስንኝ) ካለው ጉባኤ ቃና ከተባለው ቅኔ ተነሥቶ ስምንት ቤት መወድስ እስኪሞላ ድረስ የደከመው ድካም የትም አይገኝም። እንደ ዋሸራና ጎንጅ፣ ዲማና ደብረ ኤልያስ ያሉ የጎጃም ቅኔ ቤቶች ያፈሯቸው መምህራን ሁሉ ቀሳውስት አልነበሩም፤ ቅኔ የሚያስዘርፍ፣ ዜማ የሚያስቀጽል መሪጌታ ክህነት ባይኖረውም የቤተ ክርስቲያን ዓምድ ነው። ስለዚህ ንስሐህ ሲፈጸም፣ አባትህ ሲፈቅዱ፣ በቀስታ ጀምር፦ በመጀመሪያው ዓመት በማኅሌት ከኋላ ቁም፤ በሁለተኛው የአጥቢያው ሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ግዕዝ እንድታስተምር ይጠይቁህ ይሆናል። ቶሎ መምህር አትሁን። እንደ ገና የተመለሰን ሰው ሕዝቡ በደስታ መድረክ ላይ ያወጣዋል፤ ሥር ሳይሰድ ጭብጨባ ይወድና ይወድቃል። ቅኔ ቤት ተመልሰህ ትምህርቱን አሟላለሁ ካልህ ግን ቤተሰብህን ይዘህ ሊሆን አይችልምና፣ ባሕር ዳር ካሉት ጉባኤያት በማታ የሚያስቀጽልህ መምህር ብትፈልግ ይሻላል።

ግንበኝነትህንም አትናቀው። እግዚአብሔር ባስልኤልን በስሙ የጠራው፣ በመንፈሱም የሞላው ለእጅ ሥራ ነው (ዘፀ. 31፥2-5)። የጎጃም ቅኔ ቤቶች ተማሪዎች የሚያድሩት በሣር ጎጆ ነው፤ ክረምት ያፈሳል፣ ግድግዳው ይናዳል። በክረምት መግቢያ አንድ ሳምንት ሄደህ ጥቂት ጎጆዎችን ብትጠግን፣ የመሠረት ድንጋይ ብታስገባላቸው፣ ከብዙ ስብከት ይልቅ ይጠቅማል።

ይህ ወደ የኔታ ያመጣናል። ረግመውኛል ስለምትለው፣ «ከንቱ እርግማን በማንም ላይ አይደርስም» ተብሏል (ምሳ. 26፥2)፤ የእርሳቸው ሐዘን ግን ከንቱ አይደለም፤ መካስ አለበት። ለብቻህ ሹልክ ብለህ አትሂድ። ሁለት ሽማግሌ፣ ቢቻል ከጉባኤው የወጣ አንድ መሪጌታ ይዘህ፣ እንደ አገሩ ደንብ ድንጋይ ተሸክመህ ከደጃቸው ውደቅ። ጋቢ፣ ቡና፣ የቻልኸውን እጅ መንሻ ያዝ። ስትጠፋ የወሰድኸው መጽሐፍ፣ የሌላ ተማሪ ልብስ ወይም ገንዘብ ካለ መልስ፤ ባለቤቱ ካልተገኘ ለጉባኤው ስጥ። ካረፉም መቃብራቸው ድረስ ሂድ፤ ስመ ክርስትናቸውን ሰጥተህ ጸሎተ ፍትሐት አስደርግላቸው።

የእናትህ ስእለት። ሐና ሳሙኤልን ተስላ ሰጠችው፤ ቢሆንም ስእለቷ ልጁን እስከ ቤተ መቅደሱ አደረሰው እንጂ ስለ እርሱ አልመለሰለትም። እግዚአብሔር ሳሙኤልን ራሱን በስሙ ጠራው፤ ልጁ ሦስት ጊዜ ወደ ዔሊ ሮጠ፤ በአራተኛው «ተናገር፣ ባሪያህ ይሰማልና» አለ (1ሳሙ. 3፥4-10)። የእናትህ ስእለት የእናትህ ነው፤ የአንተ መልስ የአንተ ነው። ኦሪትም ቢሆን ለእግዚአብሔር ለተሳለ ሰው መቤዣ አስቀምጦ ነበር፤ ከ20 እስከ 60 ዓመት ላለ ወንድ 50 የብር ሰቅል (ዘሌ. 27፥3)። ስለዚህ እናትህን ይዘህ ካህኑ ፊት ቅረብ፤ ስእለቷ በምን እንዲፈጸም እርሳቸው ይወስኑ፤ በማኅሌት አገልግሎትህ፣ በጧፍና በዕጣን፣ ወይም አንድ የአብነት ተማሪ በመርዳት ሊሆን ይችላል። በራስህ ፈቃድ ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ብር ጥለህ «ፈጸምሁ» አትበል። እናትህም «በእኔ ስእለት ልጄ ተጎዳ» ብላ እንዳትሰቃይ ነገሩ ፊቷ መፈታት አለበት።

የቁርባኑ ቀን ሲደርስ፦ ከምግብና ከውኃ 18 ሰዓት ትጾማላችሁ። የእሑድ ቅዳሴ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የሚያቆርብ ከሆነ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት የመጨረሻውን እህል ትቀምሳላችሁ ማለት ነው፤ ማታ ቡና የለም። ቂም ያለባችሁን ሰው ዓርብ ሳይመሽ ታረቁ። ከጋብቻችሁ በኋላ ለሚኖረው ቁርባን ከመቁረብ በፊት ስንት ቀን፣ ከቆረቡ በኋላ ስንት ቀን መኝታ መለየት እንዳለባችሁ አባትህን ጠይቁ። ከቅዳሴው መጀመሪያ ድረሱ። አንተ ከቅኔ ማኅሌት ተነሥተህ በቅድስት በር ከምእመናን ጋር ተሰልፈህ ቅረብ፤ ዲያቆናቱ ቢያውቁህና «ግባ» ቢሉህ እሺ አትበላቸው። ልጃችሁን እናቷ ታቅፋ ታቁርባት። ከቆረባችሁ በኋላ ጠበል ትጠጣላችሁ፤ ያን ቀን ስግደት የለም፣ ገላ አይታጠቡም፣ ምራቅ አይተፋም፣ ሩቅ መንገድ አይኬድም፤ ሰኞ ጠዋት ወደ ሲሚንቶህ ትመለሳለህ።